ሚኬላንጄሎ ጣሪያውን የሣለው ቆሞ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጣሊያናዊው ሠዓሊና ቀራፂ ሚኬላንጄሎ በሮም፣ በቫቲካን የሚገኘውን የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ በጀርባው ተንጋሎ እንደሣለ በየጊዜው ይጻፋል። ስሕተት ነው። በዚያ ዘመን ለወዳጁ በላከው ግጥም ጎን በሠራው ንድፍ ራሱን ያሳየው ቆሞ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ነው። ግጥሙም አንገቱ እንዳበጠ፣ ጢሙ ወደ ሰማይ እንደቀና፣ ከብሩሹ የሚንጠባጠበው ቀለም ፊቱን እንዳዥጎረጎረው ይናገራል። መሥዋዕትነቱን በትክክል ለመመዘን ግን ሥራው ምን ይጠይቅ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1508 ሥራውን ሲሰጡት የ33 ዓመት ቀራፂ ነበር። ጣሪያው 40 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 13 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከወለሉ 20 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የሚሣለው ደግሞ በፍሬስኮ ነው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት እንደተለመደው ሸራ ላይ ሥሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለም። መጀመሪያ ሻካራ ልስን ይመረጋል። ከዚያ በየዕለቱ፣ በዚያ ቀን ተሥሎ የሚያልቀውን ያህል ቦታ ብቻ በስሱ ይለሰናል። ንድፉ በወረቀት ላይ ተሠርቶ መስመሩ በመርፌ ይበሳና ልስኑ ላይ ተደግፎ የከሰል ዱቄት ይነፋበታል። በውኃ የተበጠበጠው ቀለም ልስኑ ሳይደርቅ መግባት አለበት፤ ኖራው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሲጠጥር ቀለሙን አብሮ ይይዘዋልና። ከዘገዩ ቀለሙ አይያዝም። የተሳሳተውን ማረም የሚቻለው ልስኑን ፈልፍሎ እንደገና በመጀመር ነው። አዳም የሚፈጠርበትን ሥዕል ስናይ የአዳም አካል በአራት ቀን እንዳለቀ ማስታወስ ይገባል፤ ያን ጡንቻ የሠራ እጅ ልስኑ ሳይደርቅበት ይሽቀዳደም ነበር።

ገና በጅምሩ የጥፋት ውኃው ሥዕል ላይ ሻጋታ ወጣ። የሮም ኖራ ከእሳተ ገሞራ አፈር ጋር ሲቦካ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ሚኬላንጄሎ ደግሞ ውኃ አብዝቶበት ነበር። ሥራውን ለመተው ቆርጦ ለጳጳሱ ሲነግራቸው አርክቴክቱን ጁሊያኖ ዳ ሳንጋሎን ላኩለት፤ እሱም ውኃውን እንዲቀንስ አሳየው። በ1509 መጀመሪያ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ከጳጳሱ ገንዘብ ካገኘ ዓመት እንደሆነው፣ ሥዕልም ሙያው እንዳልሆነ ይገልጻል። እንዲህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1512 ከ300 በላይ ምስሎችን ሠርቶ ፈጸመ። ዓይኑ ወደ ላይ ማየትን ስለለመደ ለተወሰነ ጊዜ ደብዳቤ የሚያነበው ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር።

ጸሎት ቤቱን ያሠሩት ሲክስተስ 4ኛ በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰጡት ጳጳስ ናቸው። እሱን ሊሳለሙ ሮም የሚሄዱ ወገኖቻችን የሲስቲኑን ጣሪያ ሲያዩ ከመሠዊያው ትይዩ ካለው ጫፍ ቢጀምሩ መልካም ነው። ሚኬላንጄሎም ከዚያ ነው የጀመረው። በጥፋት ውኃው ላይ ሰዎቹ ትናንሽና የተፋፈጉ ናቸው። በ1511 መወጣጫው ተነሥቶ ሥራውን ከወለሉ ካየ በኋላ ግን ምስሎቹን ቁጥራቸውን ቀንሶ መጠናቸውን አተለቀ። ወደ መሠዊያው በተጠጉ ቁጥር ለውጡ በዓይን ይታያል።

አክባሪ አንባቢያችሁ