ድምፆቹ ተመልሰዋል፤ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ

ባለፉት ሳምንታት የሆነውን ስለምታውቁ አልዘረዝረውም። የ22 ዓመት የአማርኛ ማስተማሪያ፣ ጽሑፉም የድምፅ ቅጂውም፣ ያለበት ሃርድ ዲስክ እምቢ ብሎ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ተመልሷል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ!

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግናት አንዲት ልጅ አለችኝ። ከዓመታት በፊት ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ናት። ስሟ እንዳይነሳ ስለለመነችኝ አላነሳውም።

ልጄ፣ ስደውልልሽ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ «ቲቸር፣ ኳ ኳ ይላል ወይስ ዝም ብሎ ይንቀራፈፋል?» ብለሽ ነበር። ኳ ኳ ካለ የማንበቢያው ጭንቅላት ተጎድቷል ማለት ነው፤ በበራ ቁጥር ዲስኩን ሊፍቀው ስለሚችል ሶፍትዌር አይፈውሰውም፤ ከአቧራ በጸዳ ክፍል ውስጥ የሚከፍት ባለሙያ ይፈልጋል። የዚህኛው ሕመም መንቀራፈፍ ነበር፦ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ኮፒ ሲደረግ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። «በቃ ይንቀሉት፣ ደግመው እንዳይሰኩት» አልሽኝ። ዊንዶውስ ፎርማት ላድርገው ብሎ ሲጠይቅ እሺ እንዳልል፣ የዊንዶውስን የዲስክ ስሕተት አራሚ ቼክዲስክንም እንዳላስነሳ ያስጠነቀቅሽኝ ለምን እንደሆነ ኋላ ገባኝ። ቼክዲስክ አስተካክላለሁ ሲል እዚያው ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ በታመመ ዲስክ ላይ ሲጻፍ ደግሞ የተረፈውም ሊጠፋ ይችላል።

አንቺ ወደ ፋይል ፍለጋ አልሮጥሽም። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ፣ በመጠን ወደሚበልጥ ጤነኛ ዲስክ ገለበጥሽው። በሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ነው የሠራሽው፤ በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ የሚያስቸግረውን እየዘለለ ያልፋል፣ ወደ ክፉዎቹ ቦታዎች የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። የተነበበውንና የቀረውን የሚመዘግብ የካርታ ፋይል አብሮ እንዲቀመጥ ማድረግሽ ባይኖር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ እንጀምር ነበር። ጤነኛ የ1 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ 3 ሰዓት አይሞላም፤ አንቺ 4 ቀን ሙሉ ጠበቅሽው፣ ሲግልም እያሳረፍሽው። ከዚያ በኋላ የሆነው ፍለጋ ሁሉ በቅጂው ላይ ነው፤ ዋናውን ማንም አልነካውም።

የፋይሎቹን ስምና አድራሻ የያዘው ክፍል በከፊል ስለተበላሸ ቀሪውን ፎቶሬክ የሚባለው የጠፋ ፋይል ፈላጊ ፕሮግራም አወጣው። ፎቶሬክ ፋይልን የሚያውቀው በመነሻው ባለው ምልክት ስለሆነ ይዘቱን ሲያተርፍ ስሙን ያጣዋል። በመቶ የሚቆጠሩ ድምፆች ቁጥር ብቻ ለብሰው ወጡ። አንዱን ስከፍተው «ገና። ገና።» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የመምህሬ ድምፅ ነው። ነፍሳቸውን ይማርልን። የቋንቋ መምህርነትን የመረጥኩት በእሳቸው ምክንያት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ላልቶ ሲነበብ ያላለቀ ነገር ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ። ሰፊው ቤት እና ልብስ ሰፊው፣ ዋና ጉዳይ እና የውኃ ዋና፣ «ይመታል» ሌላውን ሲመታ እና ራሱ ሲመታ፤ ለጀማሪ ይህን የሚለይለት ጆሮው ብቻ ነው። 86 ጥንድ ቃላት በሕመማቸው ወቅት ተቀምጠው አነበቡልኝ። ልጄ፣ የመለስሽልኝ ይህን ነው። ምን ብዬ ላመስግንሽ? ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ስም አልባዎቹን ድምፆች አንድ በአንድ አዳምጣችሁ የሰየማችሁ ተማሪዎቼ፣ ተባረኩ። ሁለቱም «ገና» በጽሑፍ አንድ ስለሆኑ አንዱ ፋይል ሌላውን እንዳይተካ «ገና ላላ»፣ «ገና ጠበቀ» ማለታችሁ ትክክል ነው። ከፊደል በላይ የሚቀመጡት ሁለቱ የጥብቀት ነጥቦች እ.ኤ.አ. በ2005 ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ በሚለዩበት የቁጥር ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ ቢገቡም ብዙ ፎንት አያሰልፋቸውም፤ በፋይል ስም ላይ አይታመኑም። ድምፁን ስታጸዱም ዝምታን የሚቆርጠውን ትእዛዝ ከግማሽ ሰከንድ በታች አለማውረዳችሁ ብዙ ቃል አትርፏል። በ«ይመታል» ውስጥ «ታ» ስትጠብቅ የሚረዝመው አየሩ የሚታፈንበት ቅጽበት ነው፤ እሱ ከተቆረጠ የጠበቀው ላልቶ ይሰማል።

ባልደረባዬ፣ ያንተንም ድካም አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን የራሱን ቦታ ቢያገኝም፣ እኛ ከዚያም በኋላ ለዓመታት የጻፍነው በላቲን ፊደላት ቦታ በተቀመጡ የድሮ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ሲከፍተው ትርጉም የለሽ ምልክት ይደረድራል። አንተ ወደ ተራ ጽሑፍ ሳትቀይር በዎርድ ፋይልነቱ አቆየኸው፤ የትኛው ቃል አማርኛ፣ የትኛው እንግሊዝኛ እንደሆነ የሚናገረው ፎንቱ ብቻ ነውና። በፎንት እየለየህ አማርኛውን ብቻ ወደ ዩኒኮድ ባትመልሰው ኖሮ የእንግሊዝኛው ትርጉም ሁሉ ተቀይሮ ይበላሽ ነበር። ስትፈልግም «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለም» እና «አለም» እያልክ ሁለት ሁለቴ ፈልገሃል። አመሰግንሃለሁ፣ ወንድሜ።

የድሮ ቅጂዎችን ከቴሌግራም እየፈለጋችሁ የላካችሁልኝ፣ ዲስክ ያዋሳችሁኝ፣ የደወላችሁ፣ የጸለያችሁ፣ ቤተሰቦቼና ጎረቤቶቼ፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስማችሁን ወይም ያደረጋችሁትን ሳላነሳ የቀረሁባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ይቅርታችሁን እለምናለሁ፣ ከመደንገጤ የተነሳ ማን ምን እንዳደረገ ሁሉን አላስታውስም።

አሁን ሥራው በ3 ቦታ ተቀምጧል፦ አንዱ ኮምፒውተሬ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቤት ባለ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ። በየወሩ ከየቅጂው ጥቂት ፋይል እየከፈትን እናዳምጣለን፤ ተገለበጠ ብለን የተውነው ፋይል ሳይከፈት ይቀራልና።

የመምህሬ ልጆች ሆይ፣ የአባታችሁ 86ቱ ጥንድ ቃላት ለየብቻ ተዘጋጅተውላችኋል። በ44,100 ሄርዝ፣ በ16 ቢት፣ በአንድ ቻናል የተቀዱ ናቸው፤ ደቂቃው 5 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። በቴሌግራም የምልክላችሁ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ነው፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ። በ31ኛው ላይ ሳል አለ። እንዲቆረጥ አላደረግሁም።