ኢኮኖሚክስና ፋይናንስ በአንድ ዲግሪ ይሰጡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመጀመሪያ ዓመት ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል በሚመርጡበት ሰሞን፣ እዚህ ድሬዳዋ እኔ የምሠራበት ባንክ የብድር ክፍል ድረስ መጥተው «ልጄ ኢኮኖሚክስ ትግባ ወይስ አካውንቲንግና ፋይናንስ ይሻላታል?» ብለው የሚጠይቁኝ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ጥያቄው የቅንነት ነው፤ መልሱ ግን ይቸግረኛል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ አገራችን የገባችበት የገንዘብ ሥርዓት ሁለቱንም ዕውቀት ከአንድ ሰው የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪውን ከሁለቱ አንዱን ይዞ ሌላውን እንዲተው ያደርጉታል። ስለዚህ ወላጆችን ወደ አንዱ በር ከመምራት ይልቅ፣ ኢኮኖሚክስንና ፋይናንስን አጣምሮ የሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲከፈት በጋዜጣችሁ በኩል ሐሳብ ማቅረብን መረጥኩ። ለዚህ ትምህርት ደግሞ ድሬዳዋና ሐረር ከሌላው ከተማ ሁሉ ይመቻሉ ባይ ነኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። በዚያው ጊዜ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ የሥራ ማስኬጃ ብድሩ ከፍ እንዲልለት አመለከተና ጉዳዩን እንዲመረምሩት ለሁለት አዲስ ተመራቂዎች ሰጠኋቸው፤ አንደኛዋ ኢኮኖሚክስ፣ ሁለተኛው አካውንቲንግና ፋይናንስ ያጠኑ ናቸው። እሷ የብር መዳከም የገቢ ዕቃ ዋጋን እንዴት እንደሚያንር፣ ገዢውም እንዴት ወደ ርካሽ አማራጭ እንደሚሸሽ ጥርት አድርጋ አስረዳችኝ፤ የድርጅቱን የሀብትና ዕዳ መግለጫ ስዘረጋላት ግን ከየትኛው መስመር መጀመር እንዳለባት ጠፋት። እሱ በበኩሉ ድርጅቱ የአጭር ጊዜ ዕዳውን የመክፈል አቅሙን በደቂቃዎች ውስጥ አስልቶ «ደህና ነው» አለኝ፤ ሆኖም ስሌቱ የተሠራው በአሮጌው ምንዛሪ በተዘጋው ሒሳብ ላይ ነበር። 100 ሺሕ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ለማዘዝ ቀድሞ 5.7 ሚሊዮን ብር ይበቃው የነበረ ነጋዴ፣ ዶላሩ 114 ብር ሲገባ 11.4 ሚሊዮን ያስፈልገዋል፤ ቀረጡም የሚታሰበው የዕቃው፣ የመድኑና የማጓጓዣው ዋጋ በብር ተመንዝሮ ስለሆነ አብሮ ያድጋል። ከዚህም የሚብሰው፣ በመጋዘን ያለው አሮጌ ዕቃ በአዲሱ ዋጋ ሲሸጥ በወረቀት ላይ ዳጎስ ያለ ትርፍ ያሳያል፤ ያን ትርፍ እንደ እውነተኛ ትርፍ ቆጥሮ የተከፋፈለ ባለሀብት መጋዘኑን መልሶ መሙላት ያቅተዋል። ይህን ለማየት የማክሮ ኢኮኖሚክሱም (የአገር አቀፍ ኢኮኖሚ ጥናቱም) የሒሳብ አያያዙም ዕውቀት በአንድ ጭንቅላት ውስጥ መኖር አለበት። ሁለቱ ወጣቶች ጎበዞች ናቸው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸው ሥራውን በደንብ ሠርተውታል፤ ባንክ ግን ለአንድ ማመልከቻ ሁለት ሰው አይቀጥርም።

ችግሩ የመምህራኑ ወይም የተማሪዎቹ አይደለም፤ የሥርዓተ ትምህርቱ አከፋፈል ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስን፣ ካልኩለስንና ሊኒየር አልጀብራን፣ ስታቲስቲክስንና ኢኮኖሜትሪክስን (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የመመርመሪያ ዘዴን)፣ የልማትንና የዓለም አቀፍ ንግድን ኢኮኖሚክስ ይማራል፤ የአንድን ድርጅት የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ግን አንድም ቀን ሳያነብ ሊመረቅ ይችላል። የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ደግሞ የወጪ ሒሳብን፣ ኦዲትን፣ የታክስ ሒሳብንና የፋይናንስ አስተዳደርን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የወለድ ተመን ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ሲጠየቅ ግን «ብሔራዊ ባንክ ወስኖ» ከማለት ያለፈ መልስ ብዙም የለውም። የመጀመሪያ ዲግሪ በ2012 የጋራ ኮርሶች ተጨምረውበት አራት ዓመት ከሆነ ወዲህ፣ ሁለቱን ለማጣመር የሚሆን ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም።

ቦታው ለምን ድሬዳዋ ይሁን ለሚለኝ፣ ከባቡሩ ልጀምር። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 እዚህ ደርሶ ከተማዋን ከወለዳት ጊዜ አንሥቶ ድሬ የምትኖረው በሁለት ገንዘቦች መካከል ነው። በሐዲዱ ወዲያኛው ጫፍ ያለው የጅቡቲ ፍራንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ሲሆን፣ ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ሆኖ ቀርቷል። ይህ የሚቻለው ከረንሲ ቦርድ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ የሚታተመው ፍራንክ በውጭ ምንዛሪ ክምችት መደገፍ ስላለበት የጅቡቲ መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ፍራንክ አትሞ ሊሸፍን አይችልም። የኢኮኖሚክስ መምህራን በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያስተምሩት አንድ ሕግ አለ፤ አንድ አገር የማይነቃነቅ ምንዛሪን፣ ነፃ የካፒታል ዝውውርንና የራሱን የወለድ ፖሊሲ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ አይችልም፣ አንዱን መልቀቅ ግድ ነው ይላል። ጅቡቲ የራሷን የወለድ ፖሊሲ ለቀቀች። እኛ ለረጅም ዓመታት የካፒታል ዝውውሩን ዘግተን ምንዛሪውን በትዕዛዝ ስናንቀሳቅስ ከቆየን በኋላ፣ በ2016 ምንዛሪውን ለቀን 15 በመቶ በሆነ የብሔራዊ ባንክ የወለድ ተመን መመራት ጀመርን። በዓለም መማሪያ መጻሕፍት በአርጀንቲናና በሆንግኮንግ ምሳሌ የሚተነተነውን ንድፈ ሐሳብ የድሬዳዋ ተማሪ ከነሐሴ 2014 ወዲህ በከተማው በተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጣና፣ በደረቅ ወደቡና ታይዋን በሚባለው የከተማው ገበያ ሱቆች ውስጥ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ጫትና ቡና የሚልከው የሐረርጌ ነጋዴ በብር መዳከም ሲጠቀም፣ ከጎኑ ያለው አስመጪ በዚያው ቀን ሲጎዳ ማየትም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም።

ሐረርም ብትሆን ለገንዘብ ታሪክ ሩቅ አይደለችም። አሚሮቿ የራሳቸውን ሳንቲም ያስመቱ ነበር፤ የማርያ ቴሬዛ ብርም በገበያዋ ለረጅም ዘመን ተገብይቶበታል፤ በ1898 ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ከተሞች መካከልም ሐረርና ድሬዳዋ ይገኛሉ።

ሌላው ከአካባቢያችን ኑሮ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ነው። በሁለቱ ከተሞች ብዙ ደንበኛ በእምነቱ ምክንያት ወለድ አይቀበልም፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህም፣ በሌሎች ባንኮች የተለየ መስኮት ይሰጥ የነበረው አገልግሎት ጎልቶ ወጥቷል። በሙራባሃ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የትርፍ ህዳጉን በግልጽ ተናግሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ለመሆኑ የዋጋ ንረት እየጨመረ ሲሄድ አስቀድሞ የተቆረጠ ህዳግ ባንኩን እንዴት ይጎዳዋል? የዘገየ ደንበኛስ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል? ከሆነስ ቅጣቱ ለማን ገቢ ይሆናል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣ አንድ ሙሉ ኮርስ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ቢሰጥ ለሐረርና ለድሬዳዋ ከማንኛውም የአሜሪካ የባንክ ታሪክ ይልቅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ተራው ሰው ራሱ ይህን ዕውቀት ከእኛ ይጠብቃል። በጥቅምት 2010 ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በወጣ ጊዜ በዚያ ወለድ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ በዓመት ከ17 በመቶ ያላነሰ ዕቃ የመግዛት አቅም ያጣ እንደነበር ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ደንበኛው ግን በፓስቡኩ ላይ የሚያየው የሚጨምር ቁጥር ነው። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በቴሌብር አማካይነት ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ስለነበር፣ 9 ሺሕ 900 ብር የያዘ ሁሉ «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» እያለ ይጠይቀን ጀመር። የትርፍ ድርሻን ከዋጋ ጋር አመዛዝኖ፣ የወደፊቱን ገቢ በዛሬ ዋጋ ተምኖ መልስ ለመስጠት የሚችል ወጣት በየቅርንጫፉ አልነበረም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ጥያቄው እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም፤ በዚያው ዓመት የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅም የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ስለፈቀደ፣ እነሱ ሲመጡ የሚፈልጉት ባለሙያ ከየት እንደሚገኝ ከወዲሁ ማሰብ ይበጃል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ከሁሉም የሚከብደኝ የመውጫ ፈተናው ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ በትምህርት ክፍሉ ተፈትኖ 50 በመቶ ማምጣት ስላለበት፣ በሁለት መስክ የተማረ ልጅ በየትኛው ይፈተናል የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ በተማሪው ላይ ሸክም መጫን ይሆናል። ለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር ለጥምር መርሐ ግብሩ የራሱ የሆነ ፈተና ማዘጋጀት ይኖርበታል፤ ይህ እስኪሆን ደግሞ አንዱን ዋና፣ ሌላውን ንዑስ አድርጎ መጀመር ይቻላል። የሒሳብ ትምህርት ጉዳይም አለ፤ ከማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የሚመጡት ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ሲደናቀፉ አይቻለሁና፣ ኢኮኖሜትሪክስ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሒሳብ ማጠናከሪያ ሊሰጣቸው ይገባል። በዋጋ ውድ የሆኑ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች የሉንም የሚባለውን ግን እንደ ምክንያት አልቀበለውም፤ አር የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ነው። ይህ ዲግሪ ለሥራ ዋስትና ይሆናል ብዬም ወላጆችን ማባበል አልፈልግም፤ የቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ በየወንበሩ ምን ያህል አመልካች እንደሚሰለፍ በየጊዜው አያለሁ።

ስለዚህ የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለቱ የትምህርት ክፍሎች መምህራን በአንድ ተቀምጠው፣ ቢያንስ በመጪው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፎችን በጋራ እንዲያማክሩ እጠይቃለሁ፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪ በድሬዳዋው የከፊራ ገበያ ነጋዴዎች የዱቤ ሽያጭ ላይ ሲጽፍ አንድ የፋይናንስ መምህር፣ የፋይናንስ ተማሪም በቅርንጫፍ ባንኮች ትርፋማነት ላይ ሲጽፍ አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ይጨመርለት። ለዚህ አዲስ ሥርዓተ ትምህርትም፣ የሚኒስቴር ፈቃድም አያስፈልግም፤ የሁለት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ስምምነት ይበቃል። እኛ በባንክ ያለን ሰዎችም የደንበኛን ምስጢር ጠብቀን፣ ስም የተሰረዘባቸውን የቆዩ የብድር ማመልከቻዎች ለማስተማሪያ እንዲሆኑ ብንሰጥ አንጎዳም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የባንክ የብድር ሠራተኛ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ
(ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)