ከኪራይ ላወጣችሁን ሁሉ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ ከመሠረት እስከ ጉልላት አድርሶ በራሳችን ጣሪያ ሥር ላሳደረን ለልዑል እግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይግባው።

ቤታችንን ለማየት ጎንደር፣ አዘዞ ድረስ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እንዴት ያምራል!» እያላችሁ ኮርኒሱንና መስኮቱን አድንቃችኋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ግን ይህን የምጽፈው ስለማይታየው ስለ ታችኛው ክፍል ነው። ትልቁ ገንዘብ፣ ትልቁ ድካምና ትልቁ ውለታ የተቀበረው ከመሬት በታች ነው። እዚያ የደከሙት ሰዎች ደግሞ ለምረቃው ስንጠራቸው እንኳ አብዛኞቹ ከበሩ አጠገብ ነው የተቀመጡት፤ ወደ ውስጥ ግቡ ብንል እምቢ አሉን።

ምስጋናዬ ከዋናው ግንበኛችን ይጀምራል። ስሜን እንዳትጠሪ ብለው አስጠንቅቀውኛልና ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ቦታችን ዋልካ፣ ማለት ጥቁር ጭቃ አፈር ነው። የዋልካን ጠባይ የአገራችን ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ የተሠራበትንም ግድግዳ ይዞት ይነሣል፣ ይዞት ይወርዳል። ጥምቀትን ውለን ቁፋሮ ከጀመርን በኋላ ጋሼ በየማታው ጉድጓዱ ውስጥ እየወረዱ ዲጂኖውን ከፍ አድርገው ይሰነዝሩታል፤ ከዚያ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ድምፁ «ድፍ» ካለ ራሳቸውን ነቅንቀው «ገና ነው» ይላሉ። ባለቤቴ ከላይ ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል። መሠረት በጠለቀ ቁጥር የሚጨምረው ቁፋሮው ብቻ አይደለማ! ድንጋዩም፣ አሸዋውም፣ ሲሚንቶውም፣ የሚሞላው ገረጋንቲም አብሮ ይጨምራል። አንድ ቀን አላስችል ብሎት «ጋሼ፣ ሌላ ሰው እኮ እዚህ ላይ ያቆም ነበር» ቢላቸው፣ «አዎ፤ ያ ሌላ ሰው ግን ከሁለት ክረምት በኋላ ስልኩን አያነሣልህም» አሉት። በመጨረሻ ዲጂኖው «ቃ!» ብሎ እጃቸውን አንዘረዘረው። አለት ነው። ከጉድጓዱ ሳይወጡ «በሉ አሁን ፌሮውን አስመጡ» አሉ።

ልብ በሉልኝ፣ የእጅ ዋጋ የተዋዋልነው በቁርጥ ነበር። ዕቃው በእኛ ቢሆንም፣ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ክንድ የእጅ ሥራ ከእሳቸው ድካም የሚወጣ እንጂ እኛን የሚያስከፍለን አልነበረም። ጭማሪ ብለው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ሲሚንቶ ጠፍቶ ሥራው ቀጥ ባለ ጊዜም ያሳቁን እሳቸው ነበሩ። «አፄ ፋሲል ያን ግንብ ያቆሙት አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሳያዩ ነው። ጥቁር ድንጋይና ኖራ! ይኸው 400 ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው?» ሲሉ ባለቤቴ «እኛ ኖራም የለን፣ ንጉሥም አይደለን» አላቸው። ገንዘባችንን ተቀብሎ «ዛሬ፣ ነገ» እያለ የከረመውን ነጋዴ እዚህ አላነሣውም፤ ለእሱ እግዚአብሔር አለ። ማንሣት የምፈልገው ቅዳሜ ገበያ ያለችውን የዕቁብ ባልንጀራዬን ነው። ዕጣው ለእሷ ወጥቶ ሳለ «አንቺ ጉድጓድ ቆፍረሽ ክረምት እየመጣብሽ ነው፣ ውሰጂው» ብላ ለቀቀችልኝ። ይህች ሴት እስከ ዛሬ ኪራይ ቤት ናት። ለምሰሶው ኮለንና ለአግዳሚው ቢም የሚሆነውን፣ ኦፒሲ የሚሉትን ሲሚንቶ የገዛነው በእሷ ዕጣ ነው። እህቴ፣ ያንቺንም መሠረት ስትጥይ ባሬላ ተሸካሚዋ እኔ ነኝ።

ከመሠረቱ በላይ ግድግዳውን የሚሸከመው አግዳሚ፣ ግሬድ ቢሙ፣ አርማታ የተሞላ ቀን ደግሞ የተከራየነው የአርማታ ማቡኪያ ሚክሰር እኩለ ቀን ላይ ትን ብሎት ቀረ። ቢም ግማሽ ላይ ተትቶ አይታደርም፤ የደረቀውና ነገ የሚጨመረው አርማታ በደንብ አይያያዝም፣ በዚያ በኩል ይሰነጠቃል። የሰፈሩ ወጣቶች ወሬውን ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ አካፋ ይዘው፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው ገቡበት። ጠጠሩንና አሸዋውን በእጅ እያገላበጡ እስከ ምሽት አቡክተው፣ የመጨረሻውን ባሬላ በስልክ መብራት አፈሰሱት። አንዳንዶቹ በማግሥቱ ፈተና ነበረባቸው። ሒሳብ ስናነሣ ተቆጡን። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ «የዛሬ ልጆች» ብሎ የሚያማርር ሰው ሲያጋጥመው አይታገሥም።

አርማታ ደግሞ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ውሃ ይፈልጋል፤ ካልጠጣ ጥንካሬውን አያገኝም። የጎንደርን የውሃ ነገር ለምታውቁ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም። ለቡና የሚሆን ውሃ በሌለበት ሰሞን ጎረቤቶቼ ከየሮቷቸው በጀሪካን እየቀዳችሁ፣ ቢሙ ላይ ያለበስነውን ጆንያ ጠዋትና ማታ አረሰረሳችሁልን። አንደኛው ቀን ወር በገባ በ21 ዋለና «ማርያም ናት፣ ሥራ ይሆንብናል ወይ?» ብለን የነፍስ አባታችንን ጠየቅን። «የተጠማ ማጠጣት ከመቼ ወዲህ ነው በማርያም ቀን የተከለከለው?» ብለው ራሳቸው ባልዲ አነሡ።

መተማ ሰሊጡን ሸጦ የቆርቆሮውን ብር የላከልን ወንድሜ፣ በር የገዛሽልን የባሕር ማዶዋ እህታችን፣ ሠራተኛው ጾሙን እንዳይውል እንጀራና ጠላ ያላቋረጡት አማቴ፣ እንዲሁም ስማችሁን ጠርቼ የማልዘልቃችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። አማቴ በነገራችን ላይ ሴራሚክ ሳይሆን ሊሾ በመሆኑ ቅር ብሏቸዋል። ይደርሳል እማማ፣ መጀመሪያ የውጪው ልስን ይለቅ።

ጠበል ጠዲቁ ላይ ያልተገኛችሁ ቤቱ ቤታችሁ ነው፤ ቡና በማንኛውም ሰዓት አለ። ቢሙ ከተሞላበት ምሽት የተረፉ አንድ ባሬላና ሁለት አካፋ ግን እስካሁን ግቢያችን ተቀምጠዋል። አንደኛው አካፋ እጀታው በቀይ ጨርቅ የታሰረ ነው። የእኔ ነው የምትሉ ልጆች መጥታችሁ ውሰዱ፣ ምሳ ሳትበሉ ግን አናስወጣችሁም።