ቡናው ሥር ያለው ከሰል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ፒያሳ ቡና የምጠጣበት ቤት ፊት ለፊት ሕንፃ እየተሠራ ነው። ሲሚንቶ ሲራገፍ አቧራው ስኒዬ ድረስ ይመጣል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ደግሞ ድንጋይ ከሰል ይበላል።

እኔ ያዩ አካባቢ ነው ያደግኩት፣ ኢሉባቦር። ጫካው ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. ጥብቅ የባዮስፌር ስፍራ (ተፈጥሮ ተጠብቆ ሰውም አብሮት የሚኖርበት ቦታ) ብሎ ጫካውን መዝግቦታል። ከሥሩ ግን ከሰል አለ።

አክስቴ ሰሞኑን ደውላ፣ «ልጄ፣ ከሰሉ ከተቆፈረ ወዲህ ዝናብ ሲጥል ወንዙ ጠቁሮ ይወርዳል። ላሚቱ አፏን ነክራ ትመለሳለች» አለችኝ። ሽማግሌዎቹ አቤት ለማለት ቢሮ ለቢሮ ተመላልሰው ጫማቸው አለቀ።

አገር ሲሚንቶ ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ግን ከመቆፈሩ በፊት ገበሬው ይጠየቅ። ጉድጓዱም ይደፈን። ቡና ተተክሎ እስኪያፈራ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል፤ ካሳው ያንንም ይቁጠር።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ