ከኢኑያማ ለጎንደሯ ልጅ

ሰብልዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? መቼም ከተጠፋፋን ቆየን። መጀመሪያ እናንተ ጋ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ እሱ ሲመለስ ደግሞ እኔ በትምህርቱ ተወጠርኩ። ከዚያ በኋላማ ሁለታችንም ዝም፣ ዝም። አሁን ግን ሰበብ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ዕለት አንድ ቦታ ሄጄ ቀኑን ሙሉ «ሰብሊ ይሄን ባየች» ስል ዋልኩ።

ቦታው ኢኑያማ የሚባል የጃፓን ከተማ ነው። ከናጎያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ኪሶ የሚባል ሰፊ ወንዝ ዳር ኮረብታ አለ። ኮረብታው አናት ላይ ግንብ፣ ከግንቡ ሥር ደግሞ በጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የእንጨት ቤቶች። በፈረንጆቹ ኤፕሪል የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ትልቅ በዓል አላቸው። የተጀመረው በ1635 ነው። እስቲ አስቢው፣ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆረ የሚባለው በ1636 አይደል? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ።) እናንተ ለግንባችሁ ድንጋይ ስታስጠርቡ እነዚህ ጋሪ መጎተት ጀምረው ነበር ማለት ነው።

የበዓሉ ነገር ጋሪዎቹ ናቸው። ጋሪ ስልሽ ፈረስ የሚጎትተውን እንዳታስቢ። ባለ ሦስት ፎቅ ነው፣ ቁመቱ 8 ሜትር ገደማ፣ ሁሉ ነገሩ እንጨት። በጠቅላላው 13 ናቸው። በየጋሪው ላይ በወርቅ ክር የተጠለፈ ልብስ የለበሱ ልጆች ተቀምጠው ከበሮ ይመታሉ። እያንዳንዱ ጋሪ ደግሞ የአንድ ሰፈር ነው። የመንግሥት አይደለም፣ የሆነ ድርጅት አይደለም፣ የሰፈር! ሰፈርተኛው ያስቀምጠዋል፣ ሰፈርተኛው ያወጣዋል፣ ሰፈርተኛው ይጎትተዋል። አብራኝ የሄደችው የላብ ጓደኛዬ እዚያው ነው ያደገችው። የሰፈሯ ጋሪ ሲመጣ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ፊቷ ሌላ ሆነ። የሌላ ሰፈር ሲያልፍ ደግሞ በጨዋ ደንብ ታጨበጭባለች፣ ግን ዓይኗ ስህተት ይፈልጋል።

አሁን ዶንደን የሚሉትን ልንገርሽ። የጋሪው ጎማዎች አይታጠፉም፤ መሪ የሚባል ነገር የለውም። ቀጥ ብሎ ብቻ ነው የሚሄደው። ታዲያ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ወንዶቹ ከፊት በኩል ከወጡት እንጨቶች ሥር ትከሻቸውን አስገብተው የፊቱን ግማሽ ብድግ ያደርጉታል። ቶን በቶን የሆነውን ነገር! በኋለኞቹ ጎማዎች ብቻ እንደቆመ በአንድ ትንፋሽ ያዞሩታል፣ ላዩ ላይ ሰው ተቀምጦ። እኔ መታጠፊያው ጥግ ላይ ነበርኩ። ፊት ለፊቴ ከነበሩት አንዱ አንገቱ ሥር ፎጣ ጎዝጉዟል፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል፤ እንጨቱ ሲጥጥ ሲል ይሰማኛል። አንድ ሽማግሌ ከጎን ቆመው ይጮሁባቸዋል። ጋሪው ዞሮ ዱብ ሲል መሬቱ እግሬ ሥር ተሰማኝ። ከሄዱ በኋላ አስፋልቱን ሳየው የጎማው ጭረት ክብ ሠርቶ ቀርቷል።

ጥምቀት ትዝ አለኝ፤ ግን ሰዉ ጭብጨባ ብቻ ነው። እልልታ የለም! ሰብሊ ሙች፣ ልለቀው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነው የዋጥኩት።

ጠዋት ላይ ጋሪዎቹ በሙሉ ከግንቡ ሥር ካለው ሐሪፁና ከሚባለው ቤተ መቅደሳቸው ፊት ይሰበሰቡና በተራ በተራ አሻንጉሊት ያጫውታሉ። ጨዋታው ለአማልክቱ ነው፤ እኛ ተመልካቾች ትርፍ ነን። አሻንጉሊቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ጋሪው ውስጥ የተደበቁ ሰዎች ናቸው፣ በክር። አንዱ ትንሽ ልጅ አሻንጉሊት ከአንድ ዘንግ ወደ ሌላ ዘንግ በእጁ እየተንጠለጠለ፣ በእግሩ እየያዘ ይሻገራል። ክሩን ላይ ብዬ ዓይኔን ባፈጥም አልታየኝም። ባትሪ የለ፣ ሞተር የለ። በቶዮታ አገር እንጨትና ክር እያየሁ አፌን ከፍቼ መቆሜ ራሴንም አሳቀኝ።

ግንቡ ላይም ወጥተናል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፋሲል ጋር አይወዳደርም። ትንሽ ነው፤ ውስጡ ጨለም ያለ፣ ሰልፉ ደግሞ አያልቅም። ጫማሽን አውልቀሽ በፌስታል ይዘሽ ትገቢያለሽ። ደረጃው እንደ ቆጥ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ከፊትሽ ያለው ሰው ተረከዝ አፍንጫሽ ላይ ነው የሚያርፈው። አናቱ ላይ ዙሪያውን የሚያስኬድ ሰገነት አለው፣ መከላከያው አጭር። እኔ ግድግዳውን ሙጭጭ ብዬ ነው የዞርኩት። ወንዙ ግን ከዚያ ሲታይ፣ ውይ!

ይልቅ የገረመኝ የባለቤትነቱ ታሪክ ነው። ግንቡ በ1537 ተሠራ ሲባል ኖሮ በቅርቡ የእንጨቱ ዕድሜ ሲመረመር የተቆረጠው በ1580ዎቹ ሆኖ ተገኘ። ከ1617 ጀምሮ ናሩሴ የሚባል ቤተሰብ ያዘው። የመሳፍንቱ ሥርዓት ሲፈርስ መንግሥት ወሰደባቸው። ከዚያ በ1891 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና ግንቡ ክፉኛ ተጎዳ። መንግሥት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ካደሳችሁት የናንተ ይሁን» ብሎ በ1895 መለሰላቸው። እነሱም አደሱት። እስከ 2004 ድረስ ያ ሁሉ ግንብ የአንድ ቤተሰብ የግል ንብረት ነበር፤ ከዚያ ነው ለፋውንዴሽን የተላለፈው። እኛ የአያታችንን ቤት ጣሪያ ለማስቀየር ስንት ዓመት የዘመድ ጉባኤ እንደተቀመጥን ታውቂያለሽ።

ምግቡን ልዝለለው አልኩ፣ ግን ጾም መሆኑን ታውቂያለሽ። ዴንጋኩ የሚሉት አለ፤ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ በይው) በዘንግ ሰክተው፣ ሚሶ የሚሉትን ጣፋጭ የአኩሪ አተር ድልህ ቀብተው ከሰል ላይ ይጠብሱታል። የጾም ነው ብዬ በላሁ። ሚሶው ውስጥ የዓሣ መረቅ ይግባ አይግባ አልጠየቅኩም፣ አንቺም አትጠይቂኝ። የቀረው ጎዳና ግን በዘንግ የተሰካ ነገር ሁሉ ይሸጥበታል፤ ፎቶ ለመነሳት የሚገዛ ይበዛል። ትንሽ አሰልቺ ነው።

ሲመሽ በየጋሪው 365 ፋኖስ ይሰቅላሉ፣ ለዓመቱ ቀናት አንድ አንድ። አበራርተውት በዚያ ጠባብ መንገድ ቀስ እያሉ ይመለሳሉ። የቼሪው አበባም ያኔ ነው የሚፈካው። ብዙ ሰው ለዚህ ሲል ነው የሚመጣው፤ ያምራል፣ አልክድም። እኔ ግን የቀኑን ዶንደን እመርጣለሁ። ማታ ላይ ሁሉም ስልኩን ከፍ አድርጎ ስለያዘ ያየሁት ግማሹን በሰው ስክሪን ነው።

እንዲህ ያሉ የጋሪ በዓላት 33 ሆነው በ2016 ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል፤ ኢኑያማ አንዱ ነው። የኛ ጥምቀት በ2019 አይደል የተመዘገበው? ለጓደኛዬ ስነግራት «ታቦቱን የሚሸከመው የየትኛው ሰፈር ሰው ነው?» አለችኝ። ካህናት ናቸው አልኳት። ቅር አላት መሰለኝ።

እስቲ አንቺም ንገሪኝ። የፋሲል ግንብ እድሳት እንዴት ሆነ? እውነት አምሮበታል ወይስ ወሬ ነው? ቀበና ያለችው እህትሽስ ወለደች? መጻፍ ከሰለቸሽ በቴሌግራም ድምፅ ላኪልኝ፣ ረጅም ይሁን፣ ባቡር ላይ ነው የምሰማው። ለእማማ የጉልበት ማሰሪያ ገዝቻለሁ፤ ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ የሚገባ ልጅ ስላለ ከሱ ጋር እልካለሁ። ማን እንደሚቀበለው ብቻ ቶሎ አሳውቂኝ።

ያንቺው
ማርቲ