ተረከዝዎ ላይ ስላለው ጥቁር ምልክት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እህቴ ተረከዝዎ ላይ ስለወጣው ጥቁር ምልክት በስልክ ነገረችኝ፤ እርስዎ «ማርያም የሳመችኝ ነው» ማለትዎንም ሰማሁ። ማርያም የሳመችው ከሰው ጋር አብሮ ይወለዳል እንጂ በስተርጅና ወጥቶ አይሰፋም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩልዎ።

ጥቁር ሰው መዳፉና ውስጥ እግሩ ላይ ነጠብጣብ መኖሩ የተለመደ ነው፤ በብዙ ጥፍሮች ላይ የሚታይ ቡናማ መስመርም እንዲሁ። የሚያሳስበው ብቻውን ወጥቶ፣ ጠርዙ ተዛንፎ፣ ቀለሙ እዚህ ጠቁሮ እዚያ ፈዞ፣ በወራት ውስጥ የሚሰፋው ነው። ሜላኖማ የሚሉት የቆዳ ካንሰር በነጮች ላይ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ የሚመታው ገላ ላይ ነው፤ ጥቁር ሰው ላይ ሲመጣ ግን ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና ጥፍርን ይመርጣል። ፀሐይ የማያይ ቦታ ነውና ባርኔጣም ጥላም አይመልሰውም።

ይህ በሽታ የያዘውን ሰው ዕድሜ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የምልክቱ ስፋት ሳይሆን ወደ ቆዳ ውስጥ የዘለቀበት ጥልቀት ነው። ሐኪሞች ጥልቀቱን በማይክሮስኮፕ ለክተው በሚሊ ሜትር ይጽፉታል። አንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የገብስ ፍሬ ውፍረት ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ከጤፏ ሳያልፍ ተቆርጦ የወጣለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ገብሱን አልፎ 4 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ግን ነገሩ ይከብዳል። በጤፍና በገብስ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ጊዜ ነው፤ «አዝመራው ይግባና እሄዳለሁ» የሚሉትን የምፈራው ለዚህ ነው።

ከጥልቀቱ ቀጥሎ የሚታየው ላዩ መቁሰሉ ነው፤ ያው ጥልቀት ቢኖረውም የቆሰለው ይከፋል። ከዚያ ንፍፊቱ ይመጣል። ከእግር የተነሣ ወደ ብሽሽት፣ ከእጅ የተነሣ ወደ ብብት ይሄዳል፤ እዚያ ከደረሰ የመዳን ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ዕድሜና ጾታም ድርሻ አላቸው፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ወንዶች የባሰ ይጎዳሉ። እርስዎ ሁለቱንም ነዎት፣ ይቅርታዎን።

አሜሪካ ውስጥ ከ1986 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡት ሲታዩ፣ ይህ የእጅና የእግር ዓይነት ከያዛቸው 100 ሰዎች በዚሁ በሽታ ሳይሞቱ 5 ዓመት የተሻገሩት 80 ያህል፣ 10 ዓመት የተሻገሩት 67 ያህል ነበሩ። ሜላኖማ በጠቅላላ ሲቆጠር ግን 5 ዓመት የተሻገሩት 91 ነበሩ። ለልዩነቱ ትልቁ ምክንያት ዘግይቶ መታየቱ ነው። የልጅ ልጆችዎ የሚያዘፍኑት ቦብ ማርሊ፣ በኋላ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቀው፣ የሞተው በዚሁ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ተገኘበት፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

እኛ አገር የሚያዘገየው እሾህ ነው፣ ኪንታሮት ነው፣ ንቃቃት ነው እየተባለ ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ጥቁር ቀለም የለውም፤ ቀይ ሥጋ መስሎ ይበቅላል፣ ሲነኩት ይደማል። በምላጭ መቅረፍ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ቅጠል ማሰር ላዩን ያጠፋዋል፤ ሥሩ ግን ውስጥ ይቀራል፣ ሐኪሙም የሚለካው ያጣል። ጸበሉን አይተዉ፤ ምላጩንና ብረቱን ግን አያስጠጉ።

እግርዎን በሳሙና ታጥበው በቀን ብርሃን እህቴ ታንሣልዎ፤ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ታስቀምጥና በስልኳ ፎቶ ታስቀረው። በጣቶችዎ መካከልና በየጥፍሩ ሥርም ትይ። ድንጋይ መትቶ የቋጠረው ደም ከጥፍሩ ጋር ወደፊት ይሄዳል፤ በጥቁሩ ጫፍ ላይ ጥፍሩን በስለት ጫር አድርጋ ከ2 ወር በኋላ ትመልከተው። ጫሪቱና ጥቁሩ አብረው ከሄዱ ደም ነው። ጥቁሩ ከሥር ካልለቀቀ ሐኪም ይየው፤ 3 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ወይም ከጥፍሩ አልፎ ቆዳውን ካጠቆረ ግን 2 ወርም አይጠበቅም። ተረከዝዎ ላይ ያለው ደግሞ አሁኑኑ ይታይ።

መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ሪፈር ከጻፉልዎ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ እዚያ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉት። ትንሽ ከሆነ ሙሉውን አውጥተው፣ ሰፊ ከሆነ ከጠቆረው ወይም ካበጠው ቦታ እስከ ስቡ ድረስ ቆርጠው ለምርመራ ይልካሉ። ላዩን ብቻ እንልጥ ካሉ እንዲህ አይደለም ይበሉ፤ ጥልቀቱ አይለካም። ብሽሽትዎንም እንዲዳስሱ ይጠይቁ።

ሜላኖማ ከሆነ ዋናው መድኃኒት ቢላዋ ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከጠለቀ ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምረው ይቆርጣሉ፤ ተረከዝ ላይ ቆዳው ስለማይገጥም ከጭን ተነቅሎ ሊለጠፍበት ይችላል። ለሳምንታት መርገጥ አይቻልም፤ ስለዚህ የሚያርስልዎን ሰው ከወዲሁ ይናገሩ። አዲሶቹ ውድ መድኃኒቶች በዚህ ዓይነቱ ላይ እንደ ሌላው አይሠሩም።

የምርመራው ወረቀት ሲመጣ ቅጂውን አይተዉት። ጥልቀቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ቆስሎ እንደሆነና ጠርዙ ንጹሕ መሆኑ መጻፍ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እዚያው ይጠይቁ፤ ፊትና ጀርባውን አንሥታ እህቴ ትላክልኝ።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ