ለተራራው ባቡር መስመር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከኩርባው በላይ ያለውን የባቡር መመልከቻ በቆርቆሮ ማጠርዎን ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣

ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተን ያገኘነው «ደርሷል» የሚል ማኅተም ብቻ ነው። ስለዚህ አራተኛው በአደባባይ ይነበብ።

መመልከቻ የሆነውን ጉብታ የዘጋችሁት «ለደኅንነት ሲባል» መሆኑን ማስታወቂያችሁ ይናገራል። ከዚያ ጉብታ ሐዲዱን ለመርገጥ የፈለገ ሰው ገደል መውረድ ነበረበት፤ የወረደም የለም። አሁን ግን ተመልካቹ ቆርቆሮውን ዞሮ ዋሻው አፍ አጠገብ ይቆማል። ለደኅንነቱ!

ዳገት የሚወጣ ጭነት ባቡር ሳይታይ ይሰማል። በሺህ 25፣ ማለትም በየ1,000 ሜትሩ 25 ሜትር፣ በሚያሻቅብ መስመር ላይ 1,000 ቶን ሲጎተት ዳገቱ ብቻውን 25 ቶን ያህል ወደ ኋላ ይስባል፤ ኩርባው ላይ መንኮራኩሩ ከሐዲዱ ጎን ጋር ሲፋተግ ደግሞ ይብሳል። ሐዲዱ እርጥብ ከሆነ መንኮራኩሩ ባዶውን እንዳይሽከረከር ጎታቹ ሎኮሞቲቭ ከፊቱ አሸዋ እየነሰነሰ፣ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። አደገኛው የሚወርደው ነው። ጎታቹ እንደ ዳገቱ ስለማያቃስት ድምፁ ያንሳል፤ የቀረውን ደግሞ ዋሻውና ኩርባው ይውጡታል። የመንገደኛው ባቡር ቀላልና ፈጣን ስለሆነ ሰው ልብ የሚለው ከዋሻው ብቅ ካለ በኋላ ነው። ነጂው ሰው አይቶ ፍሬን ቢይዝስ? ከባድ ጭነት ቁልቁለት ላይ ለመቆም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ይህን እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ከጉብታው ላይ ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ቁልቁለት ሲወርድ ሁሉም ፉርጎዎች በመጠኑ ቢያጨሱ ፍሬናቸው እየሠራ ነው፤ ዳገት እየወጣ አንዱ ብቻ ካጨሰ ግን ፍሬኑ ተጣብቋል። መንኮራኩሩ ተቆልፎ ከተጎተተ አንድ ጎኑ ይበላና በየዙሩ ሐዲዱን ይቀጠቅጣል፤ ጆሮ ያለው ሰው ከሩቅ ይለየዋል። የላላ የጭነት ገመድ፣ የተቀደደ ሸራ፣ ግሎ የሚጮህ ኩሽኔታም እንዲሁ። ተመልካቹ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና ከጎታቹ ስንተኛ ፉርጎ መሆኑን መዝግቦ ይደውል ነበር። የምን ስልክ ይሉ ይሆናል፤ መሥሪያ ቤትዎ ራሱ ጉብታው ላይ በሰሌዳ የለጠፈውን የአደጋ ጊዜ ቁጥር። ዛሬ ሰሌዳው ከቆርቆሮው በስተጀርባ ነው። ቁጥሩን ማንበብ የሚችለው አጥሩን የጣሰ ብቻ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ1854 የተከፈተው የኦስትሪያው ሰመሪንግ መስመርም በሺህ 25 አካባቢ የሚያሻቅብ፣ ዋሻና ድልድይ የበዛበት ነው። ከጎኑ የእግር መንገድና መመልከቻ አለው፤ ባቡሩም ይሄዳል።

ቆርቆሮው ተነሥቶ ደረት የሚደርስ የብረት አጥር ይተከል። ወደ ዋሻው አፍ የሚወስደው መንገድ ይዘጋ፤ መዘጋት የነበረበት እሱ ነበር። ለሰሌዳው እንኳ ሁለት ብሎን የሚፈታ ሠራተኛ መላክ ስብሰባ የሚጠይቅ አይመስለንም።

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት፣ ከቀደሙት ሦስት ደብዳቤዎች ጋር እንዲያያዝ